የሐቢብ ቅዳሜ

ሐቢብ በአዲ አርቃይ መንገድ በመኪና አደጋ ሲሞት የተወው አንድ የጥገና ጠረጴዛ፣ ግማሹ የተፈታ ኮምፒውተርና ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ያስተምራቸው የነበሩ ሰባት ወጣቶችን ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታስተምረው እህቱ ሰሚያ ልጆቹ እንዳይበተኑ ብላ ቦታውን ተካችና ዝግጅቱን «የሐቢብ ቅዳሜ» አለችው። አባታቸው ሐጂ ጃቢር የጨርቅ መጋዘናቸውን ለቀቁ። ሬዲዮ ከመክፈት ያለፈ ቴክኖሎጂ የማያውቁት ሰውዬ በየሳምንቱ ወንበሩን ራሳቸው ይደረድራሉ። መጋዘኑን ሲቆልፉ የሚጠይቋት ታዲያ አንድ ነገር ነው፤ «ዛሬ ስንት ሰው መጣለት?»

በ2006 ዓ.ም. ሰው ሁለት መቶ ደረሰ። መጋዘኑ ጠበበ፤ ስሙም ጠበበ ተባለ። አዳራሽ ሲገኝ የዝግጅቱ ኮሚቴ ለአዲስ ስምና አርማ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ደመቀ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ሰሚያ እምቢ ብላው በተገላገለች።

«ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጡት መምህር ባነራችንን አንብበው የሙት ሰደቃ ድግስ መስሏቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሰሚያም ሳቀች፤ እውነት ነበራ። ደመቀ ቀጠለ፤ «እኛ ሐቢብን እናውቀዋለን። ሌላ ከተማ ስንሄድስ ማን ያውቀዋል? ግን አንቺ ካልተስማማሽ የስሙ ለውጥ ይቀራል።»

ይህ ነው እንግዲህ የደግ ሰው ጭካኔ። አሥራ አንድ ሰው ዓይን ዓይኗን ያያታል። እንዲያድግ ብላ በየቢሮው የተንከራተተች እሷው ናት፤ አሁን ምን ብላ ትከራከር? አባቴ ይከፋቸዋል ትበል? «ይሁን» አለች። በጭብጨባ ጸደቀ፤ እሷም አጨበጨበች።

ለአባቷ ልትነግር ሳምንቱን ሙሉ አፏን ከፍታ ዘጋች። ዓርብ ረፋድ ላይ ነገረቻቸው።

«ካደገ ሸጋ ነው» አሉና ለጁምዓ ወጡ። ቢቆጧት እንዴት በወደደች።

በማግስቱ አዳራሹ በር ላይ «ጎንደር ዲጂታል መድረክ» የሚል ሰማያዊ ባነር ተሰቅሏል። ሐጂ ጃቢር ኮታቸውን ለብሰው ከሁሉ ቀድመው መጡ፤ ወንበሩ ግን ተደርድሮ አልቋል። የምትመዘግበው ልጅ አላወቀቻቸውም።

«አባባ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ተማሪ፣ መምህር፣ ባለሙያ ወይስ እንግዳ?»

ሰሚያ አጠገቧ ቆማለች። የሐቢብ አባት የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ሐጂ ጃቢር ወደ ቅጹ ጎንበስ አሉ።

«እንግዳ በይኝ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ጽፋ ካርዱን ከነመርፌ ቁልፉ ለሰሚያ አቀበለቻት። ሰሚያ አባቷ ደረት ላይ ሰካችው። እሳቸውም «አመሰግናለሁ» አሏትና ከሌሎቹ ጋር ተሰልፈው ገቡ።