አባ ቱንቢና ሆዱ የገፋው ግድግዳ

ሽማግሌውን ግንበኛ ሰፈሩ አባ ቱንቢ ይላቸዋል፤ ቱንቢ ስለሚይዙ ሳይሆን ስለማይዙ ነው። በክር ጫፍ ብረት አንጠልጥሎ ግድግዳ መለካት ለእሳቸው ዓይን የሌለው ሰው ሥራ ነው። ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀኙ የግድግዳውን ጠርዝ አንዴ ካነጣጠሩ ፍርዱ ተሰጠ፤ ይግባኝ የለም።

ባለፈው ዓመት ሐኪም ዓይናቸውን አይቶ፣ “አባባ፣ ከዓይንዎ ጀርባ ብርሃን ከሚቀበለው ስስ ሽፋን ሥር ቢጫ ቢጫ ዝቃጭ ተጠራቅሟል። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው” ብሏቸው ነበር። በአራት ማዕዘን መስመሮች የተሞላ ወረቀትም ሰጣቸው። “ግድግዳ ላይ ለጥፈው አንድ አንድ ዓይንዎን እየሸፈኑ ይዩት። መስመሩ የጎበጠ ዕለት ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።”

መስመሩ ጎበጠ። አባ ቱንቢም ተቆጡ። “ይሄን ያሰመረው ማነው? እጁ ይንቀጠቀጣል እንዴ?” ብለው ወረቀቱን ገንጥለው ጣሉት። ሰው ሁሉ ሥራ ማበላሸት በጀመረበት ዘመን ወረቀት ቢጎብጥ ምን ይገርማል?

የዚህ ሁሉ ዕዳ የወደቀው አማቻቸው ላይ ነው። ሙያውን ከእሳቸው ተምሮ ልጃቸውን ያገባ ግንበኛ ነው፤ አሁን ለሚወለደው ሕፃን አንድ ክፍል እየቀጠለ ነበር። አባ ቱንቢ መጡ፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ሆዱ ገፍቷል፤ አፍርሰው!” አፈረሰው። እንደገና ሠራ። እንደገና አስፈረሱት።

“አባዬ፣ ሆዱ የገፋው የኔ ነው!” አለች ልጃቸው ከመስኮት። “ግድግዳውን ተወው፣ ልወልድ ነው!”

ለሦስተኛ ጊዜ “አፍርስ” ሲሉ ግን አማችየው ጥርሱን ነክሶ፣ “ጋሼ፣ ዛሬስ ቱንቢ ይፍረደን” አለና ክሩን አወረደ።

አባ ቱንቢ አነጣጠሩ። ክሩ መሃል ላይ ሆዱን ነፍቷል።

“ክርህም እንዳንተው ጠማማ ነው!”

አማችየው ክሩን አልለቀቀም። የእሳቸውም ዓይን ከክሩ ጫፍ ወደተንጠለጠለው ብረት ወረደ። ብረት የተንጠለጠለበት ክር እንዴት ይጎብጣል? “ሰው ይዋሻል፣ የተንጠለጠለ ብረት አይዋሽም” ብለው ይህን ልጅ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። ቀኝ ዓይናቸውን ጨፍነው በግራው አዩ፤ ክሩ ቀጥ አለ። በቀኙ መለሱት፤ ጎበጠ። ክው አሉ።

“ግድግዳው?” አሉ ድምፃቸው ቀንሶ።

“ቀጥ ያለ ነው፣ ጋሼ።”

“የፊተኞቹስ?”

“እነሱም ቀጥ ያሉ ነበሩ።”

“ታዲያ ምን አባክ ብለህ አፈረስክ?”

“አፍርስ አሉኛ!”

ይሄ አንጀታቸውን በላው። ፍርሃቱም አብሮ መጣ፤ ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ የበሉት በዚያች ቀኝ ዓይን ነው። “ሐኪም ቤት ውሰደኝ” አሉ።

ሐኪሙ መርምሮ ራሱን ነቀነቀ። “ከዝቃጩ አጠገብ ደም ሥር በቅሎ ፈሳሽ እያፈሰሰ ነው። መስመሩ ሲጎብጥ ለምን አልመጡም?”

“ጥፋቱ የወረቀቱ መስሎኝ።”

“በመርፌ እናስቆመዋለን። እስካሁን የተጎዳው ሁሉ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።”

መርፌው ዓይን ውስጥ እንደሚገባ ሲሰሙ የአማቻቸውን እጅ ያዙ፤ እስኪያልቅም አልለቀቁትም።

ቤት ሲደርሱ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዱ። ሌላውንም ጨፈኑት። መዳፋቸውን ከታች እስከ ላይ፣ ብሎኬት በብሎኬት፣ ቀስ ብለው አሳለፉበት።

“ቀጥ ብሏል” አሉ። “ጥሩ እጅ አለህ።”

ሙያ ከተማረ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም። ዞር ብሎ ሲሚንቶ ባልለቀቀው እጁ ፊቱን ጠረገ።

“ደግሞ አፍርስ አለህ?” ብላ ጮኸች ሚስቱ ከውስጥ።

“የለም፣ ጥሩ እጅ አለህ አሉኝ!”

ሚስቱ ሆዷን ደግፋ እየሮጠች ወጣች።

“ምን ቆመህ ታያለህ? መልሰህ ሐኪም ቤት ውሰደው እንጂ! አባዬ አሁን ገና ታመመ!”