ዒዳ የሌላት ፎቶ አንሺ

ራህመት ያደገችው ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ጋሽ ሀሚዱ ከከተማው ሰው የሚበዛውን በፊልም ካሜራ አንስተዋል፤ ሙሽራውን፣ ተመራቂውን፣ አረብ አገር የሚሄደውን። እሳቸው ሲሞቱ ዲጂታሉ ገብቶ ስለነበር፣ ያየ ሁሉ ያን አሮጌ ካሜራ ለልጅ መጫወቻ ስጪው ይላት ነበር። አልሰጠችም። በአዘቦት ቀን ለፓስፖርትና ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ በዲጂታል እያነሳች ትተዳደራለች፤ ፋታ ስታገኝ ግን የአባቷን ካሜራ በሻርፗ ጠቅልላ ከከተማ ትወጣለች።

አንዳንዴ ወደ ሐይቁ ወርዳ አሳ አጥማጆቹን መረባቸውን ሲያራግፉ ታነሳለች። አንዳንዴ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ ከበሩ ወዲህ ቆማ፣ የሚፈቅድላት መነኩሴ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ባቲ ገበያም ወርዳለች፤ ይበልጡን ግን የምትወደው ከውጫሌ ወደ አምባሰል የሚወጣውን የእግር መንገድ ነው። ፊልም እንደልብ አይገኝምና ማንንም ከማንሳቷ በፊት ቁጭ ብላ ታወራዋለች። ስለ በሬው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ወገቡ ሕመም ትጠይቀዋለች። ሰውየው ካሜራ ፊት መቀመጡን ሲረሳና ፊቱ ወደ ነበረበት ሲመለስ፣ ያኔ የካሜራውን መጫኛ ትጫናለች። ፊልሙንም ራሷ ጓዳ ገብታ በጨለማ ታጥበዋለች።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ እናቷን ይዛ ገጠር ወደ ዘመዶቿ ሸሸች። ስትመለስ የፎቶ ቤቱ በር ተሰብሮ ውስጡ ባዶ ነበር። ዲጂታሉም የለም፣ የአባቷም ካሜራ የለም። ለዲጂታሉ አላለቀሰችም። ባዶውን መደርደሪያ በስልኳ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችውና ከሥሩ «የአባቴ ዓይን እዚህ ነበር» ብላ ጻፈችበት።

ብዙ ሰው «አብሽሪ፣ አላህ ይተካልሽ» አላት። አንዱ ግን በድምፅ መልእክት ላከላት። አብዱልሰመድ ይባላል፤ የአምባሰል ልጅ ነው፤ ሳውዲ፣ ደማም ከተማ ውስጥ አትክልት መጋዘን ይሠራል።

«ለፓስፖርት ያነሱኝ አባትሽ ናቸው» አላት። «በጣም ፈርቼ ነበር። ትከሻህን ልቀቀው፣ እዚህ ማንም አይመታህም አሉኝ። ከአገር ስወጣ ይዤው የሄድኩት ደግ ቃል እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይቆይ፣ ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ አንድ ጥቅል መጣላት። ስትፈታው፣ ቆዳው ያለቀ ማኅደር ውስጥ የተቀመጠ የብረት ካሜራ፣ ከአጠገቡም ጥቂት ፊልሞች አገኘች። ካሜራውን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ብርሃን አየች።

አብዱልሰመድ ስለ ካሜራ አንድም ነገር አያውቅም ነበር። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ውስጥ አይቶ ነው የገዛው። ኋላ ግን ነገሩ ያዘው። በእረፍት ቀኑ ገበያው ውስጥ እየዞረ አሮጌ ካሜራ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ መጫኛውን ተጭኖ ድምፁን ቀድቶ ይልክላታል። እሷም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ደጋግማ ትሰማና፣ «ይሄ ይጎትታል፣ ተወው» ወይም «ይሄ አፊያ ነው፣ ውሰደው» ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ ወሬው ከካሜራ አለፈ። ምን እንደበላ፣ ምን እንዳመመው፣ ማታ ማታ መጋዘኑ ጣራ ላይ ወጥቶ ምን እንደሚያስብ ይነግራት ጀመር። እሷም የአገሩን ፎቶ አጥባ በመንገደኛ ትልክለታለች።

«እናቴን አንሽልኝ» አላት አንድ ቀን።

እናቱ እትዬ ሲቲ ከውጫሌ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ይኖራሉ። ራህመት ደክማ ደርሳ የመጣችበትን ስትነግራቸው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

«እኔ ጥርስ የለኝ። ምኔን ልታነሺ?»

«ልጅዎ ጥርስ አላለኝም፣ እናቴን ነው ያለኝ።»

እትዬ ሲቲ ሳቁ። ያን ቀን ያነሳቻቸው ፎቶ ደማም ሲደርስ አብዱልሰመድ ይዞት መጋዘኑ ጣራ ላይ ወጣ። በኋላ ሲደውል ያላት አንድ ነገር ነው፤ «አግቢኝ።»

ኒካሁ ሐይቅ ታሰረ። በእሱ ፋንታ አጎቱ ሸህ ኑርዬ ወኪል ሆነው ተቀመጡ፤ ሠርጉ እሱ ሲመጣ ይሆናል ተባለ። በስልክ ስለሚሄዱበት አገር ብቻ ያወሩ ነበር። ከአምባሰል ተነስተው እዚያው አገር ባለው ቦረና አድርገው፣ ተመልሰው ወደ ባቲ ይወርዳሉ፤ እሱ ቦርሳ ይሸከማል፣ እሷ ታነሳለች። «ሰው ሲጠይቀኝ የፎቶ አንሺዋ አህያ ነኝ እላለሁ» ይላታል። እሷ እየሳቀች ትቆጣዋለች።

ከዚያ ሠርጉ አንድ ጊዜ ተላለፈ፤ እንደገናም ተላለፈ። አብዱልሰመድ ሥራ በዛ አለ። ድምፁ እየደከመ፣ ወሬው እያጠረ መጣ። ፊትህን አሳየኝ ስትለው የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ይላታል። በመጨረሻም ስልኩ ጭራሽ ዝም አለ።

ሸህ ኑርዬ አንድ ጠዋት ፎቶ ቤቷ መጡና ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ራህመት ፊታቸውን አይታ የያዘችውን ሁሉ አስቀመጠች።

«ሞተ?» አለች።

«አልሞተም ልጄ። ያመጣሁት ግን ደግ ነገር አይደለም። ፈቶሻል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ሌላ አገባ?»

ሸህ ኑርዬ መሬት መሬት አዩ። «እንዳልናገር አስምሎኛል» አሉ። ከዚያም የሚያጽናናት መስሏቸው ጨመሩ፤ «ኒካሁ ታሰረ እንጂ አብራችሁ አልኖራችሁም። ሌላ ሴት ስትፈታ ዒዳዋን ትቆጥራለች፤ ጊዜው ሳይሞላ ባል አታገባም። አንቺ ግን ዒዳ የለብሽም። ዛሬውኑ ነፃ ነሽ።»

ሲወጡ ተከትላ አልሸኘቻቸውም። ያን ቀን ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሁሉ አነሳች፤ ቀና በል አለች፣ ጆሮሽ ይታይ አለች። ማታ እናቷ እህል ስታቀርብላት ነው ልቧ የፈረሰው።

ሌላ ሴት እንዳለች አልተጠራጠረችም። ደማም ውስጥ ያለች፣ አጠገቡ ያለች፣ ድምፅ ብቻ ያልሆነች። ለብዙ ጊዜ ከእሱ በመጡት ካሜራዎች አላነሳችም። በመጨረሻ ሁሉንም በካርቶን አሽጋ፣ ለእናቱ ልመልስ ብላ ውጫሌ ድረስ በሚኒባስ ሄደች፤ ከዚያ ካርቶኑን አዝላ ሽቅብ ወጣች።

እትዬ ሲቲ ደጅ ላይ አልነበሩም። በእሳቸው ፋንታ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ተቀምጧል። ፊቱ አብጧል፤ እጆቹ ግን ቀጥነው ከጋቢው ወጥተዋል። ሽማግሌ መሰላት። ሰላምታ ልታቀርብ አፏን ስትከፍት እሱ ቀደማት።

«ራህመት?»

ድምፁን አወቀችው። ካርቶኑን አውርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ኩላሊቴ ነው» አላት። «ሁለቱም።»

«መቼ?»

«ሠርጉን መጀመሪያ ያዘገየሁ ጊዜ። እዚያ መሥራት ሲያቅተኝ መለሱኝ። ደሴ እየሄድኩ ደሜን ያጥቡልኝ ነበር፤ በኋላ መንገዱ ከሕመሙ ባሰብኝና ተውኩት።»

«በሐይቅ ነዋ የምታልፈው» አለች። «በእኔ በር።»

እትዬ ሲቲ ውኃ ይዘው ሲመጡ አዩዋትና እንስራቸውን ሳያወርዱ ቆሙ።

«ሌላ ሴት መስሎኝ ነበር» አለች ራህመት።

«እንዲመስልሽ ነበር የፈለግሁት። ከተናደድሽ ቶሎ ይወጣልሻል ብዬ።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ብጠይቅሽ ምን ትይኝ ነበር?»

«እመጣ ነበር።»

«አየሽ» አላት።

ሸህ ኑርዬን ጠርተን ኒካሁን እንደገና እናስረው አለችው። እትዬ ሲቲም ለመኑት። እሱ ራሱን ነቀነቀ። «በልጅነትሽ ባል የሞተብሽ አድርጌሽ አልሄድም፤ ወላሂ አላደርገውም» አለ፤ ከማለ ወዲያ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ራህመት ተነስታ እጁን ልትይዘው ፈለገች። ግን ፈትቷታል፤ አሁን ባዕድ ናት፣ አይፈቀድላትም። እትዬ ሲቲ ነገሩ ገብቷቸው መጥተው በመካከላቸው ተቀመጡ፤ በአንድ እጃቸው የእሱን በሌላው የእሷን ያዙ።

ካርቶኑን እዚያው ትታ ወረደች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትወጣ ጀመር። ሰው ይናገር ነበር፤ የፈታትን ባል የምትጠይቅ ሴት የት ታየች ይላሉ። እናቷም ተቆጥታ ተቆጥታ ተወቻት።

«ይሄን ሁሉ ገዝተህ አንድም ቀን አንስተህ አታውቅም?» አለችው አንድ ቀን፣ ካሜራዎቹን ከካርቶኑ እያወጣች።

«ፊልሙ ያንቺ ነው ብዬ።»

አስተማረችው። እጁን መንካት ስለማትችል እሷ አንዱን ካሜራ ይዛ ታሳየዋለች፣ እሱ በሌላው እያየ ያደርጋል። ፊልም መክተት፣ መጠምዘዝ፣ ሌንሱን አዙሮ ፊት ማጥራት። እናቱን አነሳ። ተራራውን አነሳ። ከዚያ ካሜራውን ወደ እሷ አዞረና ብዙ ቆየ።

«ቶሎ በል እንጂ» አለችው።

«አንቺስ ሰው ስታነሺ ትቸኩያለሽ?»

ጋቢው ከትከሻው ወረደ፤ አልመለሰውም። ደግሞ ቆየ፤ ከዚያ ተጫነ።

ቤቷ ገብታ ስታጥበው የእሷ ፊት ደብዝዞ፣ ከኋላዋ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ጥርት ብሎ ወጣ። እጁ ሌንሱ ላይ አልጸና ብሎት ነው። ሳትወስድለት ልትቀር አሰበች፤ ግን መዋሸት አልቻለችም፣ አትማ ወሰደችለት። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው።

«ግድግዳውን ነው ያነሳሁት» አለና ሳቀ። እትዬ ሲቲም ተቀብለው አዩና ሳቁ። ራህመት ድምፁን እንጂ ሲስቅ ፊቱን አይታ አታውቅም ነበር። ያኔ እጇ ወደ ካሜራዋ ሄደ።

«እኔን አይሆንም» አለ ሳቁን ሳይጨርስ። «እንዲህ ሆኜ ሰው ጋ እንድቀር አልፈልግም። ቃል ግቢልኝ።»

ገባችለት። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ጉንጩ ላይ ያረፈበት፣ ተኝቶ አፉ እንደ ልጅ የተከፈተበት፣ እናቱን የሚያይበት ብዙ ቀን ነበር። ቃሏን አላፈረሰችም።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጠንክሮ ከውጫሌ በላይ የምትሻገረው ወንዝ ሞላና አንድ ሳምንት መሻገር አቃታት። ወንዙ ሲጎድል ለመውጣት ፊልም እያዘጋጀች ሳለ የእትዬ ሲቲ ጎረቤት ደወለ። ስሟን ሲጠራ ከድምፁ ገባት።

ስትደርስ ተቀብሯል። እንደ ደንቡ ጀናዛው አልቆየም። ወንዶቹ ጭቃ እግራቸውን እየጠራረጉ ይበተናሉ። ወደ ለቅሶው ቤት ስትገባ ሴቶቹ አዩዋት፤ የት እንደሚያስቀምጧት አላወቁም። የሟች አክስት አሲያ አያውቋትም ነበር።

«ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

«ሚስቱ ነበረች» አለች አንዷ።

«ታዲያ ዒዳ ትቀመጥ እንጂ፤ ነጭ አልብሷት።»

«ኧረ ፈቷታል። ዒዳ የለባትም።»

«እንግዲያ ነፃ ናት» አሉ አሲያ። ክፉ አላሉም፤ እንዲያውም አዝነውላት ነው። «አልሃምዱሊላህ በሏት፣ ልጅ ናት፣ ታገባለች።»

ራህመት በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ አትዋብም፤ ጎረቤት እየመጣ አብሯት ይቆዝማል። እሷ ያ ሁሉ የላትም። እሱ ሊያድናት ብሎ የሐዘኗን ስም ወስዶባት ሄዷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደችበት፤ ከንዴቱ ጋር እንባዋ መጣ፤ ድንገት ድምፅ አውጥታ እዚያው በሩ ላይ አለቀሰች።

እትዬ ሲቲ ከተቀመጡበት ነጠላቸውን አንስተው አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መቱት።

«ወዲህ ነይ» አሏት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «እኔ ጋ ትቀመጥ። ማንም እንዳይናገራት።»

ማንም አልተናገራትም። ቤቱ ሰው እስኪለየው ድረስ እዚያው ከረመች፤ ከእሳቸው ጎን ተኛች፣ ለሰው ውኃ ቀዳች።

ከዚያ ወደ ሐይቅ ወርዳ ፎቶ ቤቷን ከፈተች። በማግስቱ አረብ አገር የምትሄድ ልጅ ለፓስፖርት መጣች። ራህመት አነሳቻት፤ ስትጨርስ ጓዳ ገብታ፣ ልጅቷ ከውጭ «አለቀ?» እያለች ስትጠራ ብዙ ቆየች።

አሁንም በፊልም ታነሳለች። ወደ ቦረና ብቻዋን ተነስታ ነበር፤ ቦርሳው ከብዷት ከመንገድ ተመለሰች። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ለሌላ ሰው ጠይቀዋታል፤ እናቷ ታለቅሳለች፣ ሸህ ኑርዬ ይመክሯታል። እትዬ ሲቲ ለገበያ ወደ ሐይቅ ሲወርዱ ሳይገቡ አያልፉም። ስለ እሱ አያነሱም። ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ያወራሉ፣ ዙህር ይሰግዳሉ፣ ራህመትም እስከ መናኸሪያው ትሸኛቸዋለች።

ባለፈው ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ጉንጯን ያዙ።

«አግቢ ልጄ» አሏት። «ወላሂ እኔ አይከፋኝም።»

«እሺ» አለች።

ሚኒባሱ ወደ ውጫሌ አቅጣጫ ወጣ። እሺ ያለችው እሳቸው ሳያዝኑ እንዲሄዱ ነው። መኪናው ከተማውን እስኪለቅ ቆማ አየችው፤ ከዚያ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፍቶባት ከመንገዱ ዞር አለች።