ባዶ ነው የተባለው ፍላሽ

ኤቢሴ ከሰበታ ቡራዩ ድረስ የመጣችው ለጨዋታ አልነበረም። በሃዋ አባት ሱቅ ጓዳ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መሀል ተቀምጣ፣ የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«የአባዬ ኦፕሬሽን ተሳክቷል፣ ተመስገን። ግን ማንቁርታቸው ሲወጣ ድምፃቸውም አብሮ ሄደ። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ነፍሳቸው ትበልጣለች ብለን ነው እሺ ያልነው» አለች። «አሁን ስልክ ላይ እየጻፉ ነው የሚያናግሩን። ስልኩ የጻፉትን ያነበዋል፤ ግን የቆርቆሮ ድምፅ ነው። ልጆቹ ሲሰሙት ይስቃሉ። እሳቸውም ሰሞኑን መጻፉን ትተው ዝም ብለው መቀመጥ ጀምረዋል። ያኔ እናንተ የቀዳችሁት ድምፃቸው አለ አይደል? ማሎ፣ እባክሽ እሱን ስጪኝ።»

ሃዋ «አለ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ያደረገችው ነገር ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው።

የኤቢሴ አባት ኦቦ መገርሳ ተጂ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ሰበታ ቤት ሠርተው የገቡ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ወፍራምና ሞቅ ያለ ነበር፤ ከበር ላይ ሰላምታ ሲሰጡ ጓዳ ያለው ሰው ሁሉ ማን እንደመጣ ያውቃል። ሃዋና ጓደኛዋ ኪሩቤል ለዓይነ ስውራን በአማርኛም በኦሮምኛም የሚያነብ የስልክ ፕሮግራም ሲጀምሩ ድምፅ የሰጧቸው እሳቸው ነበሩ። ቁጥሩን፣ ፊደሉን፣ «መልእክት ደርሶዎታል» የሚለውን ሁሉ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው ቀዱላቸው፤ ለልፋታቸው ምስጋና እንጂ ሌላ አልጠየቁም። በኋላ ኮምፒውተር የሚሠራው ድምፅ መጣና ቀላል ስለሆነ የሳቸውን አውጥተው እሱን አስገቡ። የተቀዳበት ላፕቶፕም መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሏል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ሁለቱ የሚሠሩት ጊት በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ጊት ደግሞ የሰጡትን ነገር እንዲሁ በቀላሉ የሚጥል አይደለም። ዛሬ የሰረዝከውን ከፊትህ ያነሳልሃል እንጂ አያጠፋውም፤ በማይታይ ፎልደር ውስጥ ጨምቆ ያኖረዋል። ጽሑፍ ሲሆን ቁጠባ ያውቅበታል፤ በየጊዜው ከተጻፈው አንዱን ሙሉውን ይይዝና ለሌሎቹ ልዩነታቸውን ብቻ ያስቀምጣል። የዓመት ሥራ እፍኝ በማትሞላ ቦታ ይገባለታል። ድምፅ ላይ ግን ይኼ ብልሃቱ አይሠራም። አንድ ሰው «ሰባት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ቢል ለጆሮ ያው ነው፤ ለጊት ግን ሁለቱ የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸውና ሁለቱንም ሙሉ ለሙሉ ይሸከማቸዋል። ስለዚህ የኦቦ መገርሳ ድምፅ ከፕሮግራሙ ከወጣ በኋላም ፎልደሩ እንደከበደ ቀረ።

የቡራዩን ኔትወርክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያንን ጭነት መላክ ሲያቅታት ሃዋ ተናደደች፤ ተናዳም የሥራውን ታሪክ ከሥሩ እንደገና ጻፈችው። ቅጂዎቹ ጭራሽ ያልነበሩ ሆኑ። ትራፊውን አስጠረገች፤ ኢንተርኔት ላይ ያለውንም በአዲሱ ቀየረች፤ ኪሩቤልንም «የድሮውን ሰርዘህ አዲሱን ውሰድ» አለችው። ያን ቀን ጎበዝ ነኝ ብላ ኮርታ ነበር፤ ምስኪን።

«ኤቢሴ፣ አጥፍቼዋለሁ» አለች አሁን። «እኔው በእጄ። ከባድ ነው ብዬ።»

ኤቢሴ አልጮኸችም። ብትጮህ ለሃዋ ይቀላት ነበር። ያልነካችውን የሻይ ብርጭቆ ገፋ አደረገችና «ሌላ ሰው ጋስ የለም?» አለች።

ጥያቄው ልክ ነበር። በጊት የሚሠራ ሰው ሁሉ የሥራውን ታሪክ ሙሉ ኮፒ ይይዛል። ሃዋ ለኪሩቤል ደወለችለት፤ ለሥራ ሰንዳፋ ሄዷል።

«ሰርዝ አላልሽኝም እንዴ? ሰረዝኩ» አለ።

«በሕይወትህ አንድ ቀን ታዘህ፣ እሱም በዚህ? ላፕቶፕህ ላይ የለም?»

«የለም። እኔ እዛ ላይ መቼ ሠርቼ አውቃለሁ፣ ቦታ የለውም፤ ፍላሽ ላይ ነበር የምሠራው። ሁሉንም መርጬ ዲሊት አልኩና ፍላሹን ለእህቴ ሰጠኋት፣ ሱሉልታ ላለው ፎቶ ኮፒ ቤቷ። እሷ እንደሆነ ስትረግመኝ ነው የከረመችው። ባዶ ነው፣ ግን ሙሉ ነኝ ይላል፣ ቫይረስ አለበት ትላለች።»

ሃዋ ተነሳች። «እስቲ ድገመው።»

«ሲከፍቱት ባዶ ነው። የሆነ ነገር ሊጭኑበት ሲሉ ሙሉ...» እሱም ገባው። «ወይኔ ሃዋ! የሚታየውን ብቻ ነው የሰረዝኩት!»

የማይታየው ፎልደር እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው። ችግሩ የኪሩቤል እህት ትጊ ናት። እዚህ አገር ፍላሽ የያዘ ሰው ሁሉ የቫይረስ ሐኪም ነው፤ ለሁሉም በሽታ ያለው መድኃኒት ደግሞ አንድ ነው፣ ፎርማት። ፎርማት ከተደረገና ሌላ ነገር ከተጫነበት ደግሞ አለቀ። ትጊ ስልኳን አታነሳም፤ የተማሪ ምዝገባ ሰሞን ነው፣ ቤቷ በሰው ተጨናንቋል።

ሁለቱ ሴቶች ሚኒባስ ተሳፍረው በአስኮ አድርገው አዲሱ ገበያ ወረዱ፤ እዚያ የሱሉልታ ታክሲ እስኪሞላ ተቀመጡ። ሃዋ ከራሷ ጋር ትሟገታለች። የሰው ድምፅ በቦታ ጥበት የተነሳ ወርውራ፣ አሁን ደግሞ ተስፋ ሰጥታ ኤቢሴን ይዛ ስትዞር፣ ባዶ ቢሆንስ? ኤቢሴ ግን ከጉዞው ጀምሮ ፊቷ ተፈታ። «ስለ ጊት ስትነግሪኝ አንድ ነገር ደስ አለኝ» አለች። «ጠፋ ስትሉት የማይጠፋ ነገር መኖሩ።»

ሱሉልታ ሲደርሱ ትጊን በተማሪ ወረፋ ተከባ፣ በአንድ እጇ ፎቶ ኮፒውን፣ በሌላው ምሳዋን ይዛ አገኟት።

«ያ የኪሩቤል ፍላሽ? ፎርማት ላድርገው እያልኩ ሰው ሲመጣ እተወዋለሁ» አለች። ሰው ረስቶ የሄደው ፍላሽ ሁሉ ከተጠራቀመበት ካርቶን ውስጥ አውጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። «ይኸው፣ እዪው። ባዶ።»

ሃዋ የተደበቀውን አሳይ የሚለውን ነካችው። ብዥ ያለ ፎልደር ብቅ አለ። ስትከፍተው ስማቸው የተምታታ ፊደልና ቁጥር የሆነ ፋይሎች ወጡ።

«ይሄውልሽ ቫይረሱ!» አለች ትጊ። «ስሙን ተመልከቺ፣ ይሄ የጤነኛ ስም ነው? ቆይ ልገላግለው።» ጣቷን ወደ ዲሊት ሰደደች።

ሃዋና ኤቢሴ አንድ ላይ ጮኹ። ወረፋው ላይ የነበረ ተማሪ ሰነዱን መሬት ላይ በተነው። ትጊ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ኧረ በእመቤቴ! ሰው ልትገድሉ ነው?» አለች።

ሃዋ ፎልደሩን ወደ ላፕቶፗ ገለበጠችና በጊት አስፈተሸችው። ያ የተምታታ ስም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ ነው፤ ይዘቱ በትንሹ እንኳ ቢበላሽ ከስሙ ጋር አይገጥምም። ፍላሹ ያረጀ ስለነበር አንድ ቅጂ ብቻ ተበላሽቶ ተገኘ፦ «እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚለው።

«እሱ ይቅርባችሁ» አለች ትጊ፤ «ስንት ዓመት የሰማነው ነው።» ሃዋ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ መጣ።

በማግስቱ ሰበታ ሄደች። ኦቦ መገርሳ ግቢያቸው ውስጥ፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አስረው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሃዋ ያጠፋችውንም ያገኘችውንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ራሷን ዳበስ አደረጉትና እጃቸውን ቅጂዎቹን ወደጫነችበት ስልካቸው ዘረጉ። «አዎ» የሚለውን ነኩ። የገዛ ድምፃቸው «አዎ» አለ። ቁጥሮቹን ሞከሩ። ኤቢሴ ደስታዋ አላስቆም ሲላት እንግዳ ማስተናገጃ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች። ቀጥለው «ባትሪዎ ሊያልቅ ነው» የሚለውን ነኩና ወደ ራሳቸው እያመለከቱ ያለ ድምፅ ሳቁ።

ከዚያ ግን ሳቁ ከፊታቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ጽፈው ለሃዋ አሳዩዋት፦ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ድምፁ የኔ ነው፤ ንግግሩ ግን የስልክ ነው።»

ሃዋ ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። እውነታቸውን ነው፤ ያስቀዳቻቸው የስልክ ቃል ነበር። ሌላ ምን ብለው ነበር? ስታስብ፣ እነዚህ ጥሩ የወጡት ብቻ መሆናቸው ትዝ አላት። ከነዚህ በፊት የተበላሹ ነበሩ። በሳል የተቋረጠ፣ መኪና የረበሸው፣ ወሬ የገባበት። የመጀመሪያውን ቀን ቅጂ ሳትለይ ሁሉንም አስገብታ፣ በኋላ በደህናው ተክታዋለች። ተክታዋለች እንጂ፣ ጊት የመጀመሪያውንም ሙሉውን ይዞት ይሆናል።

ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ሄደች። «ሰባት» የሚለው ፋይል ከኋላው ሌላ «ሰባት» ነበረው፣ ረዘም ያለ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ለቀቀችው።

«ሰባት» አሉ ኦቦ መገርሳ፤ ወዲያው ዶሮ ጮኸ። «ሃዋ፣ ይሄ ዶሮ ሳይቀናብኝ አይቀርም፤ ሰባት ባልኩ ቁጥር ይነሳል። ቆይ... ኤቢሴ! ኤቢሴ፣ ኮቱ፣ ነይ!»

«አቤት አባዬ! መጣሁ!» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ፤ ሰሃን ወደቀ። ኤቢሴ እጇን ሳታደርቅ እየሮጠች ወጣችና አባቷ ፊት ስትደርስ ቆመች። አፋቸውን አየች፣ ላፕቶፑን አየች።

ኦቦ መገርሳ ለሃዋ በጣታቸው ምልክት ሰጡ፣ ድገሚው። ደገመችው። ኤቢሴ እዚያው ፊታቸው ቆማ እንደገና «አቤት» አለች።