ሃያ ሦስተኛዋ እንግዳ

ጨዋታውን የፈጠረችው የትንንሾቹ ክፍል ቲቸር ራሷ ናት፤ ትኮራበታለችም። አንዱ ልጅ ምስማር ላይ የሚሰቀለውን አሮጌ ካፖርት ደርቦ ወደ ኮሪደሩ ይወጣና ሦስት ጊዜ ያንኳኳል።

«ማነው?» ይላሉ ልጆቹ።

«መንገደኛ ነኝ፤ በረደኝ።»

ከፍተው ያስገቡታል፣ ቀዩ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፣ በላስቲክ ኩባያ ውሃ ያቀርቡለታል፣ እንደ ትልቅ ሰውም «እርስዎ» ይሉታል። ካፖርቱ መሬት ስለሚጠርግ እንግዳው ሁሉ ድንክ ሽማግሌ ይመስላል። ሳቁ ለጉድ ነው።

የዚያን ቀን ግን ቲቸር መሳቅ አቃታት። ጠዋት ዝናቡ ዶፍ ሲያወርድ አንዲት አሮጊት የትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቁመዋት ነበር። ገንዘብ አልጠየቁ፣ ዳቦ አልጠየቁ። «ልጄ፣ እስኪያባራ ከውስጥ ጥግ ልቁም» ነው ያሉት። በባዶ እግራቸው ነበሩ፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«ክልክል ነው፣ እማማ» ብላ አለፈች። ክልክል ይሁን አይሁን ማንንም አልጠየቀችም፤ ረፍዶባት ነበር።

እጇን የያዘችው የአምስት ዓመት ልጇ ወደ ኋላ እየዞረች «ለምን?» አለቻት።

«ስለማናውቃቸው።»

ከዚያም ዓይኗን በጨው አጥባ ስለ ደግነት ልታስተምር ገባች! ልጅቷ የምትማረው እዚያው እናቷ ክፍል ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችላትም። ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ቲቸር የሰው ሐሜት ደንታ አይሰጣትም፤ የልጇ ዓይን ግን እንደ እሾህ ወጋት። ይህቺ ልጅ ዳግመኛ ባታምነኝስ ብላ ፈራች።

ከሰዓት በኋላ ሃያ ሁለቱም ልጆች ተራቸውን ጨረሱ። ካፖርቱ ተሰቀለ፣ ሁሉም ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ይሄኔ በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ቲቸር ልጆቹን ቆጠረች። ሃያ ሁለት ናቸው። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ሃያ ሁለት።

«ማነው?» አሉ ልጆቹ፣ ጨዋታው የቀጠለ መስሏቸው።

«መንገደኛ ነኝ፤ በረደኝ።» ድምፁ የልጅ ነው እንዳይባል ያረጀ፣ የአዋቂ ነው እንዳይባል የቀጠነ ነበር።

ልጇ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሮጠች።

«አትክፈቺ!» ቃሉ ከቲቸር አፍ አመለጠ።

ልጅቷ እጀታውን እንደያዘች ዞረች። «ስለማናውቃቸው?» አለች።

ሐፍረቱ ፍርሃቱን በለጠው። ቲቸር ልጇን ወደ ምንጣፉ መለሰችና ራሷ ከፈተች። ማንም የለም። የእርጥብ ባዶ እግር ዱካ ኮሪደሩን ይዞ እስከ ደፉ መጥቷል፤ የተመለሰ ዱካ ግን አልነበረም። ልታጣራ አንድ እርምጃ ወጣ ስትል በሩ ከኋላዋ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።

ከውጭ እጀታ የለውም። ማንም ዘው እንዳይል ብላ ያስነቀለችው እሷው ናት።

ከእግሯ የጀመረ ብርድ ወደ ላይ ወጣባት። ጎንበስ ብላ ስታይ ጫማዋ የለም። ፀጉሯም ውሃ ያንጠባጥባል። አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ! ቲቸር ነኝ! ክፈቱልኝ፣ በረደኝ!»

ከውስጥ አንዲት ሴት መለሰች። «አትክፈቱ፤ አናውቃትም።»

ቲቸር ክው አለች። ድምፁ የራሷ ነበር፣ ከነቁጣው። በጡጫዋ በሩን ደበደበች፣ ልጇን ጠራች፣ ለመነች። በመጨረሻ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ አለቀሰች።

ያኔ የትንሽ እግር ኮቴ ሰማች። በሩ ገርበብ አለና ልጇ ብቅ አለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ እናቷን በእጇ ስባ አስገባቻት።

ውስጥ ሌላ ሴት አልነበረችም። ካፖርቱ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ውሃ ያንጠባጥባል። ልጆቹ እንግዳ ሲገባ በሚያዩበት ዓይን ያዩዋታል። ልጇ ቀዩ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ኩባያውን በሁለት እጇ ሰጠቻት።

ቲቸር «የኔ ልጅ» ልትል አፏን ከፈተች። ልጅቷ ግን ወደ ጆሮዋ ተጠጋችና በሹክሹክታ ቀደመቻት።

«ቶሎ ይጠጡና ይሂዱ። እማዬ ካየችዎት ታስወጣዎታለች።»