ብድግ ያላሉበት ሰኞ

ዛሬ ፒያሳ የሚባለው ሰፈር ገና አራዳ ብቻ ሳለ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ በነበረ አንድ ፎቅ ቤት ላይ ሦስት ሴቶች ደብዳቤ እየገለበጡ ይውሉ ነበር። ከሦስቱ አንዷ ዘይቱና እንድሪስ ያቺን ክፍል እስክታረጅ ድረስ ስትናፍቃት ኖረች። የቀለሙ ሽታ፣ ከመስኮቱ ሥር የሚሰማው የገበያ ጫጫታ፣ ባልደረባዋ ሙሉእመቤት ብዕሯን እየነከረች የምትለቀው ተረብ! እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም።

ታዲያ ደልቷት እንዳይመስላችሁ። አሠሪያቸው አቶ ገነነ የነጋዴዎችን ደብዳቤ በእጅ እያስገለበጡ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ክፉ አይባሉም፤ መከበርን ግን ከጠጅ አብልጠው ይወዳሉ። በቀን አሥር ጊዜ ወደ ፎቁ ብቅ ይላሉ፤ ብቅ ባሉ ቁጥር ሴቶቹ ብዕር እንደያዙ ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ። ጨዋ ሰው «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል፤ እሳቸው ግን እስኪጠግቡ ያቆሟቸዋል። በጥድፊያ ሲነሱ ቀለም ይንጠባጠባል፣ ወረቀት ይበላሻል። ለተበላሸው ወረቀት ደግሞ አንድ መሐለቅ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ያውም ከሰባት ብር ላይ! ምድር ቤት ያለው ፈቀደ ያንኑ ሥራ ሠርቶ አሥራ አራት ብር ይቀበላል፤ እሱን ማንም ተነሥ አይለውም።

«ዝምታ ለበግም አልበጃት» አለች የሦስቱ ታላቅ ሰርክአዲስ፣ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጡ። «ሰኞ ሲገቡ ማናችንም አንነሳ። ምነው ሲሉን፣ ቅጣቱ ይቅር፣ ደመወዛችንም እንደ ፈቀደ ይሁን እንላለን።»

ሙሉእመቤት በጊዮርጊስ ማለች። ዘይቱናም «ወላሂ» አለች፤ አለችና ቤቷ አፍንጮ በር እስክትደርስ ደመወዟን እያሰላች ሄደች። የአባቷ ዓይን ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቤቱ የሚያድረው በእሷ ሰባት ብር ነው።

ሰኞ ጠዋት የአቶ ገነነ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ሰርክአዲስ መጻፏን ቀጠለች። ሙሉእመቤትም እንዲሁ። ዘይቱና ግን ትልቅ ሰው ሲገባ ተነሺ እየተባለች ያደገች ልጅ ናትና ጉልበቷ ሳያማክራት አነሣት። «ኖር!» ብላ ቆመች። ከሁሉም ይልቅ የደነገጠችው ራሷ ነበረች።

አቶ ገነነ የተቀመጡትን ሁለቱን አዩ፣ የቆመችውንም አዩ፤ ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

«ጎሽ፣ የጨዋ ልጅ! ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ አሥራ አራት ብር ነው። እነዚህ ባለጌዎች ግን ዕቃቸውን ይሰብስቡ።»

አሥራ አራት ብር! አባቷን ሐኪም ታሳያለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በጣም አማራት። ሰርክአዲስ ቀና አላለችም፤ ብዕሯ ግን ቆሟል። ያቺ ተረበኛ ሙሉእመቤት የቀለም ብልቃጧን መክደን ጀመረች።

ዘይቱና ወንበሯን ሳበችና ቁጭ አለች።

«ምነው ልጄ?»

«ጌታዬ፣ ለሦስታችንም ካልሆነ ለእኔም ይቅርብኝ» አለች፤ ብዕሯን እያነሣች። «ሳላስበው ነው የተነሣሁት። ወረቀት እያስበላሹ መቅጣትዎ ይቅር፤ ደመወዛችንም እንደ ፈቀደ ይሁን።»

አቶ ገነነ አጉረመረሙ። ለሐሙስ ባቡር መድረስ ያለበት ስልሳ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል፤ ሦስቱ ከወጡ ማን ይጽፈዋል? ወጡ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ወጡ። ማንም አልተነሣላቸውም። ምሳ ሳይደርስ ቅጣቱ ቀረ፣ ደመወዙም አሥር ብር ገባ። የጣሊያን ጦርነት መጥቶ ሦስቱንም እስኪበትናቸው ድረስ አሥራ አራት አልሞላም።

የዚያን ዕለት ከሥራ ወጥተው ዳገቱን ሲያያዙት ሰርክአዲስ የዘይቱናን ክንድ ያዘች።

«የከዳሽን መስሎኝ ነበር» አለቻት።

«እኔም የከዳኋችሁ መስሎኝ ነበር» አለች ዘይቱና። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ሁለቱ መሐል አስገብተው እስከ ቤቷ ሸኟት።