ያፈረ ሁሉ እሺ አላለም

ኃይለልዑል ፍቅርን የተማረው ከማንጋ ነው፤ ከጃፓኖቹ ሥዕላዊ መጽሐፍ፣ ያውም ወንድ ከወንድ ከሚፋቀርበት። በሃያ ስምንት ዓመቱ ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለች ክፍሉን በነሱ ሞልቷታል። ይህን የሚያውቀው እኩያው እስክንድር ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት መጻሕፍቱን ሲዋዋሱና ሲሳሳቁ ኖረዋል። ኃይለልዑል ግን ሳቁ አልበቃውም፤ ወድዶታል።

በእነዚያ መጻሕፍት ዓይን አፋሩ ጉንጩ ይቀላል፣ ፊቱን በክንዱ ይሸፍናል፣ «ተው» ይላል። ሌላው አይተውም። ገጹ ሲገለጥ ዓይን አፋሩ ፈገግ ብሏል። ሁልጊዜ! ቤትም ያየው ይኸንኑ ነው፤ እንግዳ «በቃኝ» ሲል እናቱ «በሞቴ» ብላ ታጎርሳለች፣ እንግዳውም ይመርቃታል። ታዲያ ከሁለት ወገን እንዲህ የተማረ ሰው ምን ያድርግ? ይጠይቃ! አፍ አለው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እስክንድር ደውሎ እሱ ወደሚኖርባት ጎረቤት ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ጠራው። ወንዝ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሳለ ኃይለልዑል አገጩን ያዘው። እስክንድር አንገቱን ደፋ።

«ተው፣ ኃይሌ» አለ በቀስታ።

ኃይለልዑል ልቡ በደስታ ዘለለች። ቀና አድርጎ ሳመው።

እስክንድር እንደ እንጨት ደረቀ። ከዚያ አፉን በእጅጌው ጠረገ።

«ኖ አላልኩህም?»

«ያፈርክ መስሎኝ...»

«አፍሬያለሁ። ኖም ብያለሁ። ማፈሬ ኖ ያልኩትን ካንስል ያደርገዋል?»

እስክንድር መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ዐሥር ቀን ሙሉ ስልክ አላነሳም። በዐሥራ አንደኛው የተዋሳቸውን መጻሕፍት በካርቶን ይዞ ሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። ኃይለልዑል ደረጃውን እየሮጠ ወርዶ የሕንፃው በር ላይ ተቀበለው።

«ይቅር በለኝ። የምትወደኝ መስሎኝ እኮ ነው።»

«እወድህ ነበር» አለ እስክንድር። «የዚያን ቀን የጠራሁህ ልነግርህ ነው። ፈራ ተባ እያልኩ ነበር። በራሴ አፍ፣ ሬዲ ስሆን፣ እኔው ልነግርህ ነበር።»

ኃይለልዑል አንድ እርምጃ ቀረበው።

«እና አሁን ንገረኛ፣ እስኬ።»

«አሁንማ አጠገቤ ስትቆም እጅህን ነው የማየው።»

ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ ወደ መኪናው ሄደ። ኃይለልዑል እጆቹን ኪሱ ከተታቸው፤ መጥራትም ፈራ። ሲመኘው የኖረውን ቃል በመጨረሻ ሰምቶታል፤ የሰማው ግን ካለፈ በኋላ ነው። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።