ሦስት ጊዜ የተለካችው መንፈስ

መቶ በመቶ የሚል ቅጽል የወጣለት ልብስ ሰፊ፣ ጨርቅ ሲቀድ ድምፁ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ውሾች ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ መንገደኛውም ሳያስበው እጁን ወደ ሱሪው መቀመጫ ይልካል። ቅጽሉ የመጣው ለተጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ በመሆኑ ነው። ለሐሙስ ይደርሳል? መቶ በመቶ። ቀለሙ አይለቅም? መቶ በመቶ። እርግጥ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለሐሙስ የደረሱት ልብሶች ሦስት ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ መሐረብ ነበሩ። ሲደርስ ግን የእሱ ኮት ኮት ነው። የለበሰው ሰው ባንክ ቤት ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ይነሣል ይባላል፤ ይህን የሚለው እርግጥ ራሱ ልብስ ሰፊው ነው።

ይህ ሰው አንድ ቀን የመንፈስ ታሪክ ለመጻፍ ተነሣ። ነገሩን የጀመረው የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። ዚፕ ሊያስቀይር መጥቶ ሲጠብቅ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው የጻፈውን አስፈሪ ታሪክ የሚያነብበት ዝግጅት እንዳለ አወራ። ጎቲክ የሚባለው ዓይነት ነው አለ፤ ያረጀ ትልቅ ቤት ይፈልጋል፣ የተቆለፈ ክፍል ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ግን በቤቱ ሰዎች መካከል ያልተነገረ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ መንፈሱ የሚመላለሰው በዚያ ሰበብ ነው። ልብስ ሰፊው መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ እንዲህ ያለውንማ ሦስት አራት ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ አለ። በሕይወቱ ከደረሰኝ የረዘመ ነገር ጽፎ አያውቅም። ኃላፊው ግን አምኖት ስሙን መዘገበ፤ ዚፑም ሳይቀየር ሄደ።

ኮት የሚሰፋ ሰው መጀመሪያ ጨርቅ አይቆርጥም፣ ወረቀት ይቆርጣል። ታሪኩንም እንደዚያው አደረገው። አራት ትልልቅ የካኪ ወረቀት ቆርጦ ግድግዳው ላይ ሰካቸውና «ቤቱ»፣ «ክፍሉ»፣ «መንፈሷ»፣ «መጨረሻው» ብሎ ጻፈባቸው። ያልተነገረውን ነገር ለጊዜው ተወው። እሱ ገበር ነው፣ ገበር ደግሞ በመጨረሻ ነው የሚገባው አለ።

ይህን ያለው ለታላቅ እህቱ ነው። እሷ መስኮቱ ሥር ባለችው ዝቅተኛ ወንበር ተቀምጣ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ የወንድሟንም ጉራ እንደ ትርፍ ክር እየቆረጠች ትጥላለች። ቤቱ መቶ ክፍል እንዳለው ሲነግራት ማን ይጠርገዋል አለችው፤ ወደ አርባ ወረደ። ሰባት ወር የማያባራ ዝናብ ሲያዘንብ፣ ልብሳቸውን የት ያሰጡታል አለችው፤ ዝናቡ ሦስት ቀን ሆነ። ፊቱ የገረጣ፣ ጥቁር ካባ የለበሰ የቤቱን ጌታ ሲያመጣባት ደግሞ የካባው ገበር ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ተከራከሩ። እሱ ሐር ነው አለ፤ እሷ በዚያ ዝናብ ሐር ይበላሻል አለች። በዕቅዱ ውስጥ በቅጡ የተሠራ ነገር ቢኖር ያ ካባ ብቻ ነበር።

ሁለቱ ሥራ ሲበርድ የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው። እሱ የመለኪያ ደብተሩን ይከፍትና ስሙን ሸፍኖ ቁጥሩን ብቻ ያነብባል። ደረት መቶ አራት፣ ወገብ መቶ አሥራ ሰባት፣ እጅጌ አምሳ ስድስት ይላል። እሷ ቀና ሳትል ዳቦ ጋጋሪው ነው ትለዋለች። ቀኝ እጅጌው ከግራው በአንድ ሳንቲ የሚበልጠው ፖስተኛው ነው፤ ቦርሳው ጎትቶት ነው። ተሳስታ አታውቅም። እሱ ለሰው ሲያወራ ከተማውን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ትለያለች ይላል፤ ግማሹን እንደምትለይ ግን እኔም አልጠራጠርም።

የመንፈሷ ወረቀት ዘጠኝ ቀን ባዶውን ቆየ። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ በኮሪደሩ የምታልፍ ሴት ሊያደርጋት ሞከረ። አልሆነችለትም። ልክ የሌላት ሴት ለእሱ ሴት አይደለችም፣ ጨርቅ ናት። ትከሻዋ የት ይጀምራል? ስትዞር ከኋላ ምን ትመስላለች? በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ እህቱ ሳትመጣ፣ እጁ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄዶ የዛሬ አራት ዓመቱን የመለኪያ ደብተር አወረደ። ገጹን መፈለግ እንኳ አላስፈለገውም። ከዚያ አንድም ቃል ሳይሰርዝ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

መንፈሷ በመስታወቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ትታያለች። መጀመሪያ ስትታይ ደረቷ ሰማንያ ስምንት፣ ወገቧ ሰባ ነው። ሁለተኛ ስትታይ ሰማንያ ሦስት፣ ስልሳ አራት። ሦስተኛ ስትታይ ሰባ ሰባት፣ አምሳ ስምንት። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ በሁለት ሳንቲ ዝቅ ይላል። ምንም አትናገርም። በመስታወቱ ውስጥ የቤቱን ጌታ ታያለች፣ እሱም ያያታል።

ሲጨርስ ፀጉሩ ቆሞ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት አድማጩ ሁሉ ከወንበሩ ሲወድቅ ታየው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ቁጥር ቁጥር ነው። እንዲህ ብሎ ወረቀቱን ሰካውና ቁልፍ ሊገዛ ወጣ። የሰካው ከእህቱ ወንበር ፊት ለፊት፣ በዓይኗ ልክ ነው።

ሲመለስ የእህቱ ማሽንም ሬዲዮውም ዝም ብለዋል። ታላቅ እህቱ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅላ ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች።

«ይቺ ሚጣ ናት» አለችው።

ሚጣ ታናሽ እህታቸው ነበረች። ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል።

እሱ የቁልፉን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መንፈስ ናት አላት፣ ከራሱ የፈጠራት። ድምፁ ውስጥ መቶ በመቶ የሚለው ነገር የለም።

«ሁለት ሳንቲ ዝቅ ያለ ግራ ትከሻ ከራስህ ፈጠርክ?» አለችው። «ልጅ ሆና ከደረጃ ወድቃ የተሰበረችው እኮ እኔ እየጠበቅኳት ነው።»

እሱ ከረጢቱን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋው።

«ሰማንያ ስምንቱን አውቀዋለሁ። ለኮቱ ስትለካት እዚሁ ነበርኩ። ሌሎቹን ሁለት ልኮች ከየት አመጣሃቸው?»

መዋሸት ለእሱ ከመተንፈስ የቀለለ ነገር ነው። የሰፈሩ ሰው ይመስክር፤ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ዓይነት ሰበብ ይሰፋል፣ ሦስቱም ልክክ ይላሉ። ያን ቀን ግን አፉን ከፍቶ የወጣው እውነቱ ብቻ ሆነ፤ እሱም እየተቆራረጠ።

ሚጣ አዲስ ሥራ አግኝታ ነበር፤ ኮቱ ለዚያ ነው። እሱም እስከዛሬ በምድር ላይ ያልታየ ኮት እሰፋልሻለሁ አላት። በዚያ ሳምንት የሰው ሥራ በዛ፣ በቀጣዩም በዛ፤ የራስ ሰው ልብስ ምንጊዜም ወደ ኋላ ይባላል። ከሁለት ወር በኋላ ታላቋ እህት ገበያ ወጥታ ሳለ ሚጣ ብቅ አለች። ጨርቁን ገና እንዳልቆረጠው ለመሸፈን፣ ልኩን እንደገና ላረጋግጥ አላት። ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ ሲያገናኘው አምስት ሙሉ ሳንቲ ገባበት። የተሳሳተ መስሎት ደገመው። ሜትሩ ያው ነው። ክብደት የሚቀንስ ሰው እንዲህ ከትከሻ አጥንት ሥር እንደማይቀንስ እጁ ያውቃል፤ በዚያ እጅ ያለፈው ሰው ብዛት አንድ አገር ይሞላል።

ያኔ ያላት ነገር ቀልድ ነው። ማን ነው እንዲህ ያከሳሽ፣ ስሙን ንገሪኝና ሱሪውን አጥብቤ ልስፋለት አላት። ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሣችም። ሌላ ነገር እንዲጠይቃት እየጠበቀች እንደነበር ያኔውኑ ገብቶታል። አልጠየቃትም። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ አሰፈረ።

ሦስተኛው ልክ ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ሳምንት ነው። ያን ዕለት ቀልድም አልመጣለትም።

«ለምን?» አለች ታላቅ እህቱ።

«ከተናገርኩት እውነት ይሆናል ብዬ ነው። ኮቱን ከጨረስኩት ደግሞ… አላውቅም እትዬ። ለሚቀጥለው ሳምንት፣ ለሚቀጥለው ሳምንት እያልኩ ነው።»

ሚጣ በወሩ ሥራ ቦታዋ ላይ ወደቀች። ሐኪሙ ወንድምና እህትን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ አንድ ሁለት ወር ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ የምንሞክረው ብዙ ነገር ነበር አላቸው። ታላቋ ያቺን ቃል አራት ዓመት ሙሉ ተሸክማ ኖራለች። እህቷን በየሳምንቱ እያየች ያላስተዋለች እሷ ናት፤ ሰፊ ሹራብ ስትደርብ ብርዱ ነው ብላ ያመነቻት እሷ ናት። ይህን ስንት ቀን፣ መርፌ ክር እያስገባች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና ተናግራዋለች። እሱም ማሽኑን ጠበቅ አድርጎ እየረገጠ ይሰማት ነበር።

«ኮሪደሩ ላይ ጎኔ ቆመህ ነበር» አለችው።

«አዎ።»

«‹ማን ሊያውቅ ይችል ነበር?› አልኩህ። ምን ብለህ መለስክልኝ?»

«‹ማንም› አልኩሽ።»

እህቱ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወረቀቱን በእጇ ዳበሰችው፤ ከመቆረጡ በፊት ጨርቅ እንደምትዳብሰው ነው። በመጨረሻ የተናገረችው እሱ ከጠበቀው ስድብ ሁሉ የተለየ ነበር።

«ደግሞ የምታስፈራው እሷን አደረግሃት። እሷ ምን አደረገች? ቆማ ተለካች እንጂ።»

ከዚያ ማሽኗን በጨርቁ ሸፈነችው። ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። እሱ ቆሞ፣ ይቅርታ የሚለውን ቃል ከየት በኩል እንደሚጀምረው ሲፈልግ፣ እሷ መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ነገ እመጣለሁ አላለችም። አልመጣምም አላለችም። መስኮቱ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያያት መንገዱን ተሻግራ በዳቦ ቤቱ በኩል ታጠፈች፤ እንደ ወትሮዋ ቀጥ ብላ ነው የምትራመደው።

ወደ ወረቀቶቹ ዞረ። አርባ ክፍል ያለውን ቤት ከግድግዳው አወረደው፣ የተቆለፈውንም ክፍል አወረደው። አንድ ክፍል በቂ ነው፤ መስታወት፣ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ። ካባውን ለቤቱ ጌታ አወለቀለትና አንገቱ ላይ ሜትር አንጠለጠለለት። «መጨረሻው» የሚለው ላይ ብዙ ጊዜ ብዕሩን አስጠግቶ መለሰ። ለቅዳሜ ይደርሳል ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር መቶ በመቶ አይለውም ነበር።

በዚህ መካከል አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሱሪ ሊለካ ገባ። የድሮ ደንበኛ ነው። ልብስ ሰፊው ደብተሩን ከፈተ፣ ሜትሩን በወገቡ ዙሪያ አዞረ፣ ቁጥሩን አየ። ዓምና ዘጠና ስድስት ነበር። አሁን ዘጠና አንድ ነው። የተለመደው ቀልድ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ዋጠው።

«አምስት ሳንቲ ቀንሰሃል ወንድሜ» አለው። «ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ካላወቅክ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ሱሪው ይቆይ።»

ሹፌሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ግድግዳው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ያከሳኝ ሐኪሙ ራሱ ነው አለ፤ ስኳርና ጮማ ከልክሎት፣ ጠዋት ጠዋት እየሮጠ፣ ሚስቱ እንኳ ልብ ያላለችለትን አምስት ሳንቲ በመጨረሻ ያየለት ሰው ተገኘ። የልብስ ሰፊውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ አንተ ሱሪህን ስፋ ብሎት እየሳቀ ወጣ።

የሰውየው ጤና ሊያጽናናው ይገባ ነበር። አላጽናናውም። ግን ነገሩ ያስቃል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ብቻውን ይዞት አያውቅም። በልማዱ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ሊነግራት አፉ ውስጥ ያዘጋጀው ወሬ፣ ሹፌሩ ሃያ ሳንቲ ቀንሶ፣ ከተማውን በየማለዳው ሦስት ጊዜ እየዞረ፣ ሚስቱ በሩ ላይ አላውቅህም ብላ መለሰችው የሚል ነበር። ዝቅተኛዋ ወንበር ባዶ ናት። ማሽኗ እንደተሸፈነ ነው።

ልብስ ሰፊው ቆሞ ወንበሯን አየ። ከዚያ ሃያውን ሳያወጣው ወደ አምስት መለሰው፤ ደብተሩ ላይም ዘጠና አንድ ብሎ ጻፈ።